ቅድሚያ መልቀቅ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ያጋጫል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚያሽከረክሩ ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ የሚወጡት አምስቱ ዋና ዋና መንገዶች፣ ማለትም በለገጣፎ ወደ ደሴ፣ በሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ በቡራዩ ወደ አምቦ፣ በሰበታ ወደ ጅማ፣ በቃሊቲ ወደ አዳማ የሚወስዱት፣ የከተማው አነዳድና የአገር አቋራጩ አነዳድ የሚደባለቁባቸው ስፍራዎች ናቸው። እዚያ አንድ አስፋልት ላይ ለሰዓታት በፍጥነት ሲነዳ የመጣ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና፣ ተሳፋሪ ፍለጋ ጥግ ጥጉን የሚሄድ ሚኒባስ፣ ከኮብልስቶን መንገድ ድንገት ብቅ የሚል ባጃጅ፣ ጭድ የተጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬና ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚሻገር እግረኛ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። መሀል ከተማ መንዳት የለመደ አሽከርካሪ በመጨናነቁ ውስጥ በዓይን ይግባባል፣ በእጁ "ግባ" ብሎ ያሳልፋል፤ የአገር አቋራጭ ሹፌር ደግሞ በመብራትና በፍሬቻ ይነጋገራል። በዚህም የተነሳ አንዱ በቅን ልብ ያደረገውን ሌላው በተቃራኒው ይረዳዋል፤ ለግጭት ምክንያት የሚሆነውም ይኸው ነው።

ይህን ስል በመንገድ ላይ መከባበር ይቅር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከጣፎ እስከ ዓለም ገና ያለው የዳርቻ መንገድ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መከባበር ነው። ነገር ግን ቅድሚያ መልቀቅ ከቤት ደጃፍ ላይ "እርስዎ ይቅደሙ" እንደመባባል አይደለም። በደጃፍ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በመንገድ ላይ ግን ሦስተኛና አራተኛ ሰው አለ፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ አይታይም። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ነገር ነው፦ የራስዎን ተራ ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ፤ ከጎንዎ ባለው ረድፍ የሚመጣውን ወይም ከኋላዎ የተሰለፈውን ሰው ተራ ግን መስጠት አይችሉም፤ የእርስዎ አይደለምና።

ደረጃ 1፦ ተራው የማን እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ

ለማንም ቅድሚያ ከመልቀቅዎ በፊት ቅድሚያው በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን ማወቅ አለብዎ። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ ተሽከርካሪ በዋናው መንገድ ለሚሄደው ያሳልፋል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ ወደ አደባባይ የሚገባ ደግሞ አደባባዩን እየዞረ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። እነዚህ ሕጎች የተደነገጉት ለባለመብቱ ክብር ሲባል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ሌላው የሚያደርገውን አስቀድሞ እንዲገምት ነው። ባለመብቱ በተራው ሲሄድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ባለመብቱ ያለ ምክንያት ሲቆም ግን ከአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ በየራሱ መገመት ይጀምራል፣ ግምቱም አንድ አይሆንም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አደባባይ ነው። በቱሉ ዲምቱም ሆነ በሌላ በማንኛውም የዳርቻ አደባባይ፣ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ያለ አሽከርካሪ በመግቢያው ላይ ለሚጠብቅ መኪና አዝኖ ሲቆምለት ይታያል። የቆመለት ሰው አመስግኖ ይገባል፤ እሱን ተከትሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ይገባሉ። በዚህ መካከል ከኋላ እየዞሩ የመጡት ይቆማሉ፤ እነሱ ሲቆሙ ከእነሱ በስተኋላ ያለው መውጫ ይዘጋል፤ መውጣት ያልቻለው ደግሞ የሚቀጥለውን መግቢያ ይዘጋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ አደባባዩ ይቆለፍና ትራፊክ ፖሊስ ካልመጣ የማይፈታ ይሆናል። ስለዚህ አደባባይ ውስጥ ከገቡ ፍጥነትዎን ቀንሰው ይሂዱ እንጂ አይቁሙ። ትሕትናዎን ማሳየት የሚገባዎ ከመግባትዎ በፊት ነው፦ የሚወጡበት በር ሞልቶ ከቆመ፣ ቦታ ቢያገኙም እንኳ አይግቡ።

ደረጃ 2፦ ፍጥነት ከመቀነስዎ በፊት ኋላዎን ይመልከቱ

ብዙ አሽከርካሪ ሰው ሊያሳልፍ ሲል ዓይኑ ፊቱ ባለው ሰው ላይ ይተከላል። ሊመለከት የሚገባው ግን በመጀመሪያ ስፖኪዮውን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ በድምሩ ወደ 40 ሜትር ይፈልጋል። መንገዱ ሲረጥብ፣ ጎማው ሲያልቅ ወይም መኪናው ጭነት ሲኖረው ርቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ አሥር ሜትር ተጠግቶ ሲከተልዎ አንድ ባጃጅ ለማስገባት ድንገት ቢቆሙ፣ ለባጃጁ ያደረጉት ውለታ ዋጋው በራስዎ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በተቀመጡት ሰዎች ይከፈላል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ጭነት ይዘው የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸው ግሎ የሚሸት መሆኑን ያውቃል። ለረጅም ጊዜ የተረገጠ ፍሬን ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ልምድ ያለው ቢሆንም፣ በከባድ ማርሽ ቢይዝም፣ እርስዎ በድንገት ሲቆሙ እሱ መቆም ላይችል ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ቁልቁለት ላይ ከጎን የሚወጣ መኪናን ለማስገባት መቆም የለብዎትም። ሰውየው ይጠብቅ፤ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የሚጎዳው ነገር የለም።

ለማሳለፍ ከወሰኑ ደግሞ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከሩቅ ጀምረው ነዳጁን ይልቀቁ፤ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው በመንካት የኋላ መብራትዎ ብልጭ እንዲል ያድርጉ፤ የሚከተልዎ ሰው ፍጥነቱን መቀነሱን በስፖኪዮ ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቁሙ። የሚከተልዎ ሰው ካልቀነሰ ሐሳብዎን ይሰርዙና መንገድዎን ይቀጥሉ። በዚህ ጊዜ "ይቅርታ፣ አልቻልኩም" የሚል ይሉኝታ ሊሰማዎ አይገባም።

ደረጃ 3፦ ከጎንዎ ያለውን ረድፍ ይመልከቱ

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በተለይ ይህ ነጥብ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ።

በአያትና በጣፎ መካከል፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ሰዓት ያየሁትን ልናገር። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማ ነበር። በቀኙ ረድፍ የሚመጣ የቤት መኪና ቆመላት፤ ሹፌሩም ፈገግ ብሎ በእጁ "ተሻገሪ" አላት። እሷም ለምስጋና ጎንበስ ብላ ገባች። ከመኪናው አፍንጫ አልፋ ወደ ግራው ረድፍ ልትገባ አንድ እርምጃ ሲቀራት ሚኒባስ በዚያ ረድፍ በፍጥነት መጣ። ልጁን በእጅጌው ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው፤ የሚኒባሱ ስፖኪዮ የልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ ነክቶ አለፈ። ልጁ አልወደቀም፣ አንድም ነገር አልሆነም። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲጮኽባት ግን ከዚህ ማዶ ይሰማ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ጥፋቱ የማን ነው? የሚኒባሱ ሹፌር በሕግ ተጠያቂ ነው፤ እግረኛ ለማሳለፍ የቆመን መኪና አልፎ መሄድ የተከለከለ ነውና። ይሁን እንጂ የቆመው መኪና ራሱ ሴትዮዋን ከሚኒባሱ ሹፌር ዓይን ጋርዷታል፤ ሚኒባሱንም ከእርሷ ጋርዶባታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በእጅ የተሰጠው ምልክት ነው። እግረኛዋ "ሹፌሩ መንገዱን አይቶታል፣ ነፃ ነው" ብላ አምና ዓይኗን ከመንገዱ አነሳች። ሹፌሩ ግን ያየው የራሱን ረድፍ ብቻ ነበር። አንድ ረድፍ 3 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው፤ በተለመደ እርምጃ የሚሄድ ሰው ይህን ለማለፍ 3 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በነዚያ 3 ሰከንዶች በ60 የሚመጣ መኪና 50 ሜትር ይሄዳል። ማለትም እግረኛው አስፋልቱን ሲረግጥ ከቆመው መኪና በስተኋላ፣ ከዓይን ውጭ የነበረ መኪና፣ ወደ ግራው ረድፍ ሲገባ ከፊቱ ይደርሳል።

ስለዚህ ከአንድ በላይ ረድፍ ባለው መንገድ እንዲህ ያድርጉ። ዜብራ ላይ ከሆነ ይቁሙ፤ ይህ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሲቆሙ ግን ከነጭ መስመሩ አራት አምስት ሜትር ቀደም ብለው ይቁሙ፤ ያን ጊዜ ከጎን የሚመጣው ሹፌር እግረኛውን የሚያይበት ክፍተት ያገኛል። አራቱን ፍሬቻ ያብሩ። ግራ እጅዎን በመስኮት አውጥተው መዳፍዎን ወደ ኋላ በማሳየት ከኋላ የሚመጡት እንዲቀንሱ ያመልክቱ። እግረኛውን ግን "ተሻገር" አይበሉት። ቆመው ይጠብቁ፤ መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው እሱ ራሱ ይሁን፤ ከመኪናዎ ጥግ ሲደርስ ቆም ብሎ ሁለተኛውን ረድፍ እንዲያይ ጊዜ ይስጡት። ልጆች ሲሆኑ ይህ እጥፍ ድርብ አስፈላጊ ነው፤ ልጅ አዋቂ "ና" ካለው ግራና ቀኝ ሳያይ ይሮጣልና።

ዜብራ በሌለበት፣ ፈጣን በሆነ ባለብዙ ረድፍ መንገድ ላይ ዳር ቆሞ ለሚጠብቅ እግረኛ ብቻዎን አይቁሙ። ይህን ማለት ጨካኝ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ረድፍ ብቻ ተከፍቶለት መሀል አስፋልት ላይ ከሚቀር፣ ሁሉም ረድፍ ባዶ እስኪሆን ዳር ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ገብቶ መሀል ላይ የቀረ ሰው ካለ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማሳለፍ የሁሉም አሽከርካሪ ግዴታ ነው።

በሌላ በኩል፣ እርስዎ በግራው ረድፍ እየመጡ ሳለ በቀኙ ረድፍ የቆመ መኪና ካዩ፣ ምክንያቱ ባይታይዎም ከመኪናው ፊት ሰው እንዳለ ቆጥረው ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ቆሞ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ የወረደው ሰው ብዙ ጊዜ በመኪናው ፊት ዞሮ ለመሻገር ይሞክራል።

ይኸው ነገር ለመኪናም ይሠራል። ከነዳጅ ማደያ የሚወጣ ሰው ሁለት ረድፍ አቋርጦ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲፈልግ፣ እርስዎ በረድፍዎ ቆመው "ውጣ" ቢሉት፣ ሁለተኛውን ረድፍ ሳያይ አፍንጫውን ያወጣል። ወደ ቀኝ ብቻ ታጥፎ በእርስዎ ረድፍ ለሚገባ ሰው መልቀቅ ይችላሉ። መንገዱን ለሚያቋርጥ ግን አይልቀቁ፤ ሁለቱም ረድፎች ቆመው ከሆነና ከጎንዎ ያለውም ሹፌር እንዳየው ካረጋገጡ ብቻ ያሳልፉት።

ደረጃ 4፦ ምልክትዎ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ያድርጉ

በመንገዶቻችን ላይ ረጅም መብራትን ብልጭ ማድረግ ለአንዱ "እለፍ፣ ቆሜልሃለሁ" ማለት ሲሆን ለሌላው "አልቆምም፣ እኔ ልለፍ" ማለት ነው። ለሦስተኛው ደግሞ "ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ" ማለት ነው። ጠባብ ድልድይ ወይም በግንባታ ምክንያት የጠበበ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙና ሁለቱም መብራት ሲያበሩ፣ አንዱ እየለቀቀ ሌላው እየጠየቀ ይሆናል፤ ወይም ሁለቱም እየጠየቁ ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ሁለቱ ከተጋጩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመልቀቅ መብራት አይጠቀሙ። ሙሉ በሙሉ ይቁሙ፤ የቆመ መኪና ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ሌሊት ከሆነ ከቆሙ በኋላ ወደ አጭር መብራት ይለውጡ። የእጅ ምልክት መስጠት ካስፈለገዎ ራስዎ የሚያደርጉትን ብቻ የሚገልጽ ይሁን፤ መዳፍን ከፍ አድርጎ ማሳየት "እኔ ቆሜያለሁ" ማለት ነው፤ እጅን እያወዛወዙ "ና፣ ና" ማለት ግን መንገዱ ነፃ እንደሆነ ለሌላው መመስከር ነው። ይህን ምስክርነት ከመኪና ውስጥ ሆኖ መስጠት የሚችል ሰው የለም። ክላክስም ቢሆን "አመሰግናለሁ" ለማለት አይሁን፤ ባጃጁም፣ አህያ ነጂውም፣ ሚኒባሱም እያንዳንዳቸው ለእኔ ነው ብለው ይዞራሉ።

የሚኒባስ ረዳት እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ ታች እየመታ ረድፍ ሲለምን አብዛኛው ሰው "ለእልህ ነው" ብሎ ይዘጋበታል። በዝግታ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ከሆኑና ኋላዎ ደህና ከሆነ ቢያስገቡት ይሻላል። ተሳፋሪ የጫነ መኪና ገደድ ብሎ በሁለት ረድፍ ላይ ተጋድሞ ሲቆይ ከኋላ ያለው ሁሉ ይታገታል፤ ደግሞም ውስጡ ያሉት አሥራ ምናምን ሰዎች ከእርስዎ ጋር ጸብ የላቸውም።

ደረጃ 5፦ መልቀቅ በሚገባዎ ቦታ ሳያመነቱ ይልቀቁ

ከላይ የተናገርኩት አትልቀቁ የሚበዛበት ስለሆነ፣ ሊለቀቅባቸው የሚገቡትን ቦታዎች ደግሞ በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መስፈርቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሁሉም በዝግታ የሚሄድበት፣ ሁሉም እርስ በርሱ የሚተያይበትና የሚለቀቀው ተራ የራስዎ ብቻ የሆነበት ቦታ ሁሉ ለመልቀቅ የተመቸ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ መንገዱ የሚጠብበት ስፍራ ነው። የዳርቻ መንገዶቻችን አንዱ ጎን ሲቆፈር፣ ሌላው ሲታነጽ የሚከርሙ ስለሆኑ ሁለት ረድፍ ወደ አንድ የሚገባበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ እየተፈራረቁ መግባት ከሁሉ የተሻለ አሠራር ነው። ለአንድ መኪና ይልቀቁ፤ ለሁለት ግን አይልቀቁ። ሁለተኛውን ሲያስገቡ ከኋላዎ ያለውን ሰው ተራ እየሰጡ ነው፤ እሱም በንዴት ተጠግቶ ለሌላ ለማንም ክፍተት አይተውም።

ሁለተኛው የመስቀለኛ መንገድ አፍ ነው። ሰልፉ ቆሞ ሳለ ከፊትዎ ያለው ክፍተት የመጋቢ መንገድ አፍ ከሆነ አይሙሉት። እርስዎ አምስት ሜትር ቢጠጉ አንድ ሰከንድም አያተርፉም፤ ክፍተቱን ቢተዉ ግን ከሰፈር የሚወጣው በሙሉ ይተነፍሳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሚደረጉ መልካም ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚጠቅምና ማንንም የማይጎዳ ይህ ይመስለኛል።

ጠባብ ዳገት ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚወርደው ለሚወጣው ይልቀቅ። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ በኋላ ተነሥቶ መሄድ ይከብደዋል፤ ወደ ኋላ ሊንሸራተትም ይችላል። በካራ በኩል ለሚያልፍ ደግሞ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ከከብት ገበያ የሚነዱ በጎችና በሬዎች መንገዱን ይሞሉታል። ክላክስ አይንኩ፤ ከብት ሲደነግጥ የሚሄድበትን አያውቅም። ነጂው ሰብስቦ እስኪያሳልፍ ይጠብቁ።

በክረምት ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ ዳር ላይ ሰው ካለ እስከ እርምጃ ፍጥነት ድረስ ይቀንሱ። ይህ ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ልብሱ ጭቃ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። በሌሊት ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያዩ ረጅም መብራትዎን ቀደም ብለው ያውርዱ፤ ከሌላ መኪና ኋላ ሲከተሉም እንዲሁ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ዳርቻ ሰው በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይሄዳል። ዓይኑ በመብራት የታወረ ሹፌር፣ ማለዳ ነጠላ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሰው እንኳ ላያየው ይችላል፤ ጥቁር ካፖርት የለበሰውን ዘበኛማ ከነጭራሹ አያየውም።

አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ ሲያሰሙ ቀኝ ጥግ ይዘው መቆም የሕግ ግዴታ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሠርግና የቀብር አጀብ ግን የሕግ ቅድሚያ የላቸውም። ቢሆንም ለቀብር አጀብ መቆየት የአገራችን ወግ ነው፤ መንገዱ በዝግታ የሚሄድ ከሆነ ያሳልፉ። አራቱን ፍሬቻ አብርቶ በተቃራኒ ረድፍ ለሚበር ሠርገኛ ግን ለመልቀቅ ሲሉ ወደ እግረኛው ዳር አይውጡ፤ ፍጥነትዎን ቀንሰው በረድፍዎ ይቆዩ።

ደረጃ 6፦ ክፍት መንገድ ላይ "ቅደም" የሚል ምልክት ሲሰጥዎ

ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ አልፈው ሲወጡ ሌላ ዓይነት ውለታ ይገጥምዎታል። ከፊትዎ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር የቀኝ ፍሬቻውን ያበራል፤ "ፊት ለፊት ነፃ ነው፣ ቅደመኝ" ማለቱ ነው። የግራ ሲያበራ ደግሞ "እንዳትቀድም" ማለቱ ነው። ይህ በሹፌሮች መካከል የቆየ መግባባት ነው፤ ብዙ ጊዜም በቅንነት የሚደረግ ነው። ችግሩ ያው ፍሬቻ ሕጋዊ ትርጉምም ያለው መሆኑ ነው። የግራ ፍሬቻ "እታጠፋለሁ" ሊሆን ይችላል፤ የቀኙም "ዳር ይዤ ልቆም ነው" ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሹፌሩ የሚመሰክረው በራሱ ዓይንና በራሱ መኪና ፍጥነት ነው፤ የእርስዎ መኪና ምን ያህል ኃይል እንዳለው አያውቅም።

ሒሳቡን እንመልከተው። በ40 የሚሄድ፣ 18 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ ተሳቢ መኪናን በ60 እየነዱ ቢቀድሙ፣ ከፊትና ከኋላ ሃያ ሃያ ሜትር ርቀት ጠብቀው ለመግባት ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅብዎታል። በዚያ ጊዜ እርስዎ 180 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ከፊት በ80 የሚመጣ መኪና ደግሞ 240 ሜትር ያህል ይመጣል። ስለዚህ ከ400 ሜትር የሚበልጥ ባዶ መንገድ በራስዎ ዓይን ማየት አለብዎ። ኩርባ ወይም የኮረብታ ጫፍ ካለ ሹፌሩ ምንም ምልክት ቢሰጥ አይውጡ። ሹፌሩ ደጋግሞ ሲያበራልዎት እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ ከኋላ ያሉትም ክላክስ ሊያስጮኹ ይችላሉ። ቢሆንም አይውጡ።

እርስዎ ራስዎ ቀስ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ሰው እንዲቀድም ፍሬቻ ከማብራት ይልቅ፣ አመቺ ቦታ ሲያገኙ ቀኝ ጥግ ይዘው ፍጥነትዎን ሳይለዋውጡ ይሂዱ፤ ከዚያም ሰልፉ ከረዘመ ጨርሰው ዳር ወጥተው ያሳልፉት። በሚቀድምዎ ሰው ላይ ፍጥነት መጨመር ሰውየውን ከፊት ለፊት መኪና ጋር ማፋጠጥ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በየአቅጣጫው 3 ረድፍ ስላለ አሠራሩ ይቀላል፦ ቀድመው ሲጨርሱ ወደ ቀኝ ይመለሱ። የግራውን ረድፍ ይዞ በዝግታ መሄድ፣ ወይም ለሚገባ መኪና ብሎ በፍጥነት መንገድ ላይ መቆም አይገባም። ለሚገባው ሰው ቦታ የሚሰጠው ረድፍ በመቀየር ነው፤ ያም ጎኑ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሲለቀቅልዎ እንዴት እንደሚቀበሉ

ሌላ ሰው ሲለቅልዎ የሚመጣው ፈተና መቻኮል ነው። ሰውየው ቆሞ እየጠበቀ፣ ከኋላው ክላክስ እየተጮኸ "አላስቆመው" በሚል ይሉኝታ መንገዱን ሳያዩ መግባት ይመጣል። ነገር ግን አደጋ ቢደርስ ትራፊክ ፖሊስ የሚጠይቀው የገባውን ነው፤ "እሱ ግባ ብሎኝ ነው" ማለት አያድንም፤ ያስገባዎት ሰውም በዚያ ጊዜ መንገዱን ይዞ ሄዷል።

ስለዚህ የሚከተለውን ልማድ ያድርጉ። የለቀቀልዎን ሰው በዓይንዎ ካዩ በኋላ ቀስ ብለው የመኪናዎን አፍንጫ ብቻ ያውጡ፤ ከቆመው መኪና ጎን ያለውን ረድፍ፣ በመካከላቸው ሊሾልክ የሚችለውን ሞተር ሳይክልና ባጃጅ እስኪያዩ ይቁሙ፤ ነፃ ከሆነ ይለፉ። አልታይ ካለዎ ወይም ከተጠራጠሩ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው "አመሰግናለሁ፣ ይሂዱ" በሚል ምልክት ራስዎን ነቅነቅ ያድርጉ። ሰውየው ይረዳዎታል፤ ባይረዳዎም ምንም አይደለም።

ካለፉ በኋላ እጅዎን ከፍ አድርገው ያመስግኑ። ይህን ምስጋና የሚያዩ ከኋላ የተሰለፉት ሰዎችም ለሚቀጥለው ለመልቀቅ ልባቸው ይለሰልሳል። ኩርባ እየዞሩ ወይም ጉድጓድ እያለፉ ከሆነ ግን እጅዎን ከመሪው አያንሡ፤ ራስ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።